ለፊታችን የሚስማማው ቀለም በእጅ ደም ሥር አይታወቅም

ሰሞኑን ብዙዎች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ፣ ማንኛዋም ሴት የሚያምርባትን የልብስ ቀለም በጥቂት ደቂቃ ልታውቅ እንደምትችል ያስረዳል። የጽሑፉ አዘጋጅ የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው «ጸደይ»፣ «በጋ»፣ «መጸው» እና «ክረምት» በሚል በአራቱ ወቅቶች ስም ከተጠሩ ምድቦች በአንዱ ይመደባል፣ እያንዳንዱም ምድብ የሚስማሙት የራሱ ቀለሞች አሉት፤ አመዳደቡም በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ምድቡ የሚታወቀው በእጅ አንጓ ላይ ያለውን ደም ሥር በማየትና ከወርቅና ከብር የትኛው እንደሚያምርባት በማስተያየት ነው። ጠይምና ጥቁር ሰዎች በጠቅላላው «ክረምት» ናቸው። ጥሩ ቀለም ማለት ፊትን ነጣ የሚያደርግ ቀለም ነው። ነጭና ጥቁር ለሁሉም ይሆናሉ። የተጠራጠረች በስልኳ ፎቶ ተነሥታ ታረጋግጥ። በመጨረሻም ከምድቧ ውጭ የሆነውን ልብስ ሁሉ ከቁም ሣጥኗ ታውጣ።

የሐበሻ ቀሚስ እየነደፍኩና እያሰፋሁ የምተዳደር ሰው ነኝና ይህ ጉዳይ በየቀኑ ከእጄ አይጠፋም። ጽሑፉን ያነበቡ ደንበኞች ዓይናቸው የወደደውን ጥለት ካነሡ በኋላ «ለእኔ አይሆንም ተብሏል» እያሉ ሲመልሱት ማየት ስለጀመርኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። የአዘጋጇን ቅንነት አልጠራጠርም። አንዳንዱ ቀለም ፊትን እንደሚያፈካ፣ አንዳንዱም እንደሚያደክም መናገራቸው ትክክል ነው። የምቃወመው ይህንን ለማወቅ ያቀረቡትን ዘዴና ከዘዴው ያወጧቸውን ፍርዶች ነው።

ከ«ሳይንስ» እንጀምር። የአራቱ ወቅቶች አከፋፈል ከሥዕል ትምህርትና ከውበት ሥራ የወጣ ልማድ እንጂ የቤተ ሙከራ ውጤት አይደለም። በጀርመኑ ባውሃውስ የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1923 ያስተማረው ስዊዘርላንዳዊ ሠዓሊ ዮሐንስ ኢተን፣ ተማሪዎቹ በራሳቸው ፈቃድ የሚመርጧቸው ቀለሞች ከፀጉራቸው፣ ከዓይናቸውና ከቆዳቸው ጋር ዝምድና እንዳላቸው ማስተዋሉን ጽፏል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ደግሞ ሱዛን ኬጊል የሰዎችን መልክ በወቅቶች ስም እየከፈለች የልብስ ቀለም ታማክር ነበር። ካሮል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመችው መጽሐፍ አከፋፈሉን በመላው አሜሪካ አዳረሰው፤ ዛሬ በደቡብ ኮሪያ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል፤ ወደ እኛም የደረሰው በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል ነው። እነዚህ ሰዎች ለቀለም የሠለጠነ ዓይን የነበራቸው መሆኑን አልክድም። ሆኖም አከፋፈሉን ሲያበጁ በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው ሰው በአብዛኛው ነጭ ነበር፤ ይህም ያስከተለው ችግር ቀላል አይደለም።

አከፋፈሉ የቆመው በፀጉር፣ በዓይንና በቆዳ ላይ ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ፀጉር ከገለባ ቢጫ እስከ ጥቁር፣ ዓይንም ከውሃ ሰማያዊ እስከ ቡናማ ስለሚለያይ፣ ሦስቱ ሲደመሩ አንዱን ሰው ከሌላው ይለያሉ። በእኛ ዘንድ ግን የብዙው ሰው ፀጉር ጥቁር ነው፤ ዓይኑም ከጠቆረ ቡናማ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ መለኪያዎች ለሁሉም አንድ መልስ ስለሚሰጡ መለኪያነታቸው ይቀራል። አዘጋጇ «ጠይምና ጥቁር ሰዎች በጠቅላላው ክረምት ናቸው» ወደሚል ድምዳሜ የደረሱትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ በአከፋፈሉ ሕግ ጥቁር ፀጉርና ጥቁር ዓይን የተገናኙበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ምድብ ውስጥ ይወድቃልና። አንድን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ምድብ የሚያስገባ አከፋፈል ለዚያ ሕዝብ ምንም አልከፈለለትም።

እውነታው ደግሞ ከዚህ በጣም የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና የሚኖሩ ከ2,000 በላይ ሰዎችን የቆዳ ቀለም በመሣሪያ ለክቶ፣ አፍሪካውያን በቆዳ ቀለም እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ አሳይቷል። መሣሪያ የሌለው ሰውም ቢሆን በአንድ ቤት ውስጥ አንዷ እህት የቀይ ዳማ፣ ሌላዋ ጠይም ሆና ሲያድጉ አይቷል። ጠይም ሆኖ ከውስጡ ወርቃማ የሚል ፊት አለ፤ ጠይም ሆኖ ቀላ የሚል አለ፤ ጠይም ሆኖ እንደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴነት የሚጫነው አለ። ጥቁርም ሲባል ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብለው ፊትና ሞቅ ያለ ቡናማነት ያለው ፊት አንድ አይደሉም። ለ«ክረምት» የሚታዘዙት ቀለሞች ጥርት ያለ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ (ማለትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ) ሮዝና ደማቅ ሰማያዊ ናቸው። ወርቃማ ጠይም የሆነች ሴት ይህንን ትእዛዝ ብትቀበል የሰናፍጭ ቢጫን፣ የዝገት ቀለምንና ጠለቅ ያለ የወይራ አረንጓዴን ትተዋለች ማለት ነው፤ እኔ በሥራዬ እንዳየሁት ግን እንዲህ ያለውን ፊት ከሁሉ አብልጠው የሚያፈኩት እነዚሁ ናቸው።

ወደ ደም ሥሩ ልለፍ። ጽሑፉ ደም ሥሯ ሰማያዊ የሆነ «ቀዝቃዛ»፣ አረንጓዴ የሆነ ደግሞ «ሞቃት»፣ ማለትም ወደ ቢጫ የሚያደላ ቆዳ ያላት ናት ይላል። በደም ሥር ውስጥ የሚሄደው ደም ግን ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሰማያዊ መስሎ የሚታየን፣ ቆዳ ብርሃንን ስለሚበትንና ከደም ሥሩ በኩል የሚመለሰው ቀይ ብርሃን በዙሪያው ካለው ቆዳ ከሚመለሰው ስለሚያንስ ነው፤ ዓይናችን ይህንን ጉድለት እንደ ሰማያዊ ያነበዋል። ስለዚህ በእጅ አንጓ ላይ የምናየው ቀለም ደም ሥሩ ምን ያህል እንደጠለቀ፣ ምን ያህል እንደወፈረና ከላዩ ምን ያህል ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረው ንጥረ ነገር) እንዳለ ይነግረን እንደሆነ እንጂ የትኛው ቀይ ወይም የትኛው አረንጓዴ እንደሚያምርብን አይነግረንም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጭራሹን አይለይም። ከዚህም ሁሉ ጋር የቀሚስ አንገት የሚያዋስነው ፊትን ነው። የብዙዎቻችን ግንባር ከጉንጫችን ይጠቁራል፣ የአፋችንም ዙሪያ እንዲሁ፤ ፀሐይ እምብዛም የማይነካው የአንጓ ውስጠኛ ክፍል ስለ እነዚህ ምንም የሚለው የለም።

በወርቅና በብር ላይ ብዙ አልቆይም። 24 ካራት ወርቅ ከ18 ካራቱ ይልቅ ቢጫነቱ ይጠልቃል፤ መዳብ የበዛበት ወርቅ ቀላ ይላል፤ የተወለወለና የጠቆረ ብርም አይመሳሰሉም። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚነጻጸር ያልተነገረበት ፈተና መልስ ሊኖረው አይችልም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ይህን ለመመለስ ቀለም ከፊት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 የፓሪሱ ጎብለን የግድግዳ ጌጥ ሽመና ድርጅት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ሲቀርብለት መርምሮ፣ ጥፋቱ የማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ አጠገብ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች መሆኑን ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ሥራው ያብራራው ሕግ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀለሞች እርስ በርስ ወደ ተቃራኒያቸው ይገፋፋሉ የሚል ነው፤ አረንጓዴ አጠገቡ ያለውን ቀላ ያደርገዋል፣ ነጭ አጠገቡ ያለውን ያጠቁረዋል፣ ጥቁርም ያነጣዋል። ሼቭረል ራሱ ሕጉን በልብስና በፊት ላይ ሠርቶበታል።

ይህ የዓይን ሥራ ነው። የብርሃን ሥራ የሆነ ሁለተኛ ነገርም አለ፤ ከጨርቁ ላይ የሚንጸባረቀው ቀለም ወደ አገጭና ወደ አንገት ይወጣል፣ በተለይ ፀሐይ ሲኖርና ጨርቁ እንደ ሳባ የሚያብረቀርቅ ሲሆን። ሁለቱ አንዳንዴ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ደማቅ ቢጫ በንጽጽር ፊትን ወደ ሐምራዊ ሲገፋው፣ በነጸብራቅ ግን ከአገጭ ሥር ቢጫ ይረጭበታል። የትኛው እንደሚበረታ የሚወስኑት የጨርቁ ዓይነት፣ የአንገቱ አቆራረጥና ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ናቸው። በዚህ የተነሣ በሳባ ያላማረ ቢጫ በእጅ ፈትል ላይ ሊያምር ይችላል፤ የቀለም ስሞችን ብቻ የሚደረድር ዝርዝር ይህንን ሊነግረን አይችልም።

ሌላም ነገር ተዘንግቷል። አሜሪካዊው ሠዓሊ አልበርት መንሴል እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳስቀመጠው ማንኛውም ቀለም በሦስት ነገር ይገለጻል፦ በዓይነቱ፣ በንጣቱ ወይም በጥቁረቱ፣ እንዲሁም በድምቀቱ ወይም በድብዛዜው። ጽሑፉ «ሞቃት» እና «ቀዝቃዛ» እያለ ስለ ዓይነቱ ብቻ ይናገራል። በእኔ እምነት ለእኛ ፊት ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ይልቅ የሚበልጠውን የሚወስኑት ሁለቱ የቀሩት ናቸው። «አረንጓዴ አይሆነኝም» የምትል ጠይም ሴት ብዙ ጊዜ የሞከረችው ነጣ ያለውንና ደብዛዛውን አረንጓዴ ነው፤ ያ ቀለም ከቆዳዋ ጋር በንጣት ሳይቀራረብ፣ በድምቀትም ሳይበልጠው መሐል ላይ ስለሚቀር ፊቷ አመድ የነካው ይመስላል። ያንኑ አረንጓዴ ጠለቅ ወዳለው ስናመጣው ፊቷ ይመለሳል። ጥፋቱ የአረንጓዴ አልነበረም።

ስለዚህ በሱቄ የምናደርገው እንዲህ ነው። ደንበኛዋ ያለ ሜካፕ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ትቀመጣለች፤ የለበሰችው በግራጫ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የሱቁ መብራት ይጠፋል። ከአገጯ ሥር ሁለት ቁራጭ ጨርቆችን በተራ አስጠጋለሁ፤ ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ እኩል የጠቆሩና እኩል የደመቁ ሁለት ቀዮች፣ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። ከዚያ ዓይነቱን ይዘን ንጣቱን፣ ንጣቱን ይዘን ድምቀቱን እንለዋውጣለን። የምመለከተው ጨርቁን አይደለም፤ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ፣ የከንፈሯን ዙሪያ፣ የአገጯን መስመርና የዓይኗን ነጭ ነው። በማይስማማው ቀለም ጥላው ይጠልቃል፣ የአፍ ዙሪያ ያመዳል፣ የአገጭ መስመር ይደበዝዛል። የሚስማማው ሲቀርብ ቆዳው ወጥ ይሆናል፣ ዓይኑ ይጠራል፣ አብራ የመጣች እናት ወይም ጓደኛ ካለችም ሳትጠየቅ ፊቷ ይፈታል። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ውጤቱም «ክረምት» ወይም «መጸው» የሚል ስም የለውም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምቃወመው ነጥብ ደረስኩ። አዘጋጇ ጥሩ ቀለምን የለኩት «ፊትን ነጣ ያደርጋል» በሚል መስፈርት ነው። በመጀመሪያ መስፈርቱ ከራሳቸው ጽሑፍ ጋር ይጣላል፤ በሼቭረል ሕግ ነጭ ልብስ ፊትን ይበልጥ ጠቆር አድርጎ የሚያሳይ ሲሆን፣ እሳቸው ግን ነጭን ለሁሉም ይመክራሉ። ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ጠይም ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ «ቀይ ብትሆኚ ኖሮ» ሲባል ሰምታ ባደገችበት አገር፣ የልብስ ቀለም ምክር ያንኑ ቃል በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያቀርብላት ጉዳቱ በቀሚስ ምርጫ ላይ አያበቃም። በየሱቁ የሚሸጡት ማንጫ ቅባቶች የሚኖሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚቀባ ጠንካራ ስቴሮይድም ቆዳን ያሳሳል። ልብስ ሰፊም ሆነ የውበት ጸሐፊ የጠቆረን ፊት እንደሚታረም ስሕተት ቆጥሮ መነሣት የለበትም። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን በጉንጭና በግንባር ላይ አጉልቶ የሚመልስ ውብ ቆዳ ነው፤ ጥሩ ቀለም ማለት ይህንን ብርሃን ሳይሸፍን የሚያሳይ ቀለም ነው።

«ነጭ ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ደግሞ በነጠላ እንፈትነው። ሽሮ ሜዳ ገብታችሁ ሁለት ነጠላዎች በሱቁ ደጃፍ ጎን ለጎን ዘርጉ፤ አንዱ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሸመነ፣ ሌላው ከፋብሪካ ክር። የመጀመሪያው ወደ ወተት፣ አንዳንዴም ወደ ገለባ ያደላል፤ ክሩ አንድ ወጥ ስላልሆነም ላዩ ላይ ረቂቅ ጥላዎች አሉት። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በማፍኪያ ኬሚካል የተነከረ ነው፤ ኬሚካሉ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ስለሚመልሰው፣ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ በቀትር ዓይን የሚወጋ ነጭ ይሆናል። ወርቃማ ጠይም ፊት በመጀመሪያው ይሞቃል፤ በሁለተኛው ብዙ ጊዜ የደከመ ይመስላል። በጣም ጥቁር የሆነ ፊት ግን የሁለተኛውን ብርቱ ንጽጽር ተሸክሞ ግርማ ሲያገኝበት አይቻለሁ። እንግዲህ «ነጭ» የሚባል አንድ ቀለም ከሌለ «ለሁሉም ይሆናል» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ጥቁር ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በእኛ ዘንድ ከል ሆኖ ስለኖረ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ጥቁር ቀሚስ አልለብስም ቢሉ ከቆዳቸው ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም፤ ፍርዳቸውም መከበር አለበት።

የስልክ ፎቶን እንደ ማስረጃ መቁጠርም አደጋ አለው። ስልክ የሚያሳየን የራሱን ግምት ነው፤ የብርሃኑን ቀለም ራሱ ያስተካክላል፣ ብዙ ነጭ ሲያይ ምስሉን ያጠቁራል፣ ብዙዎቹም ሳንጠይቃቸው ፊትን ያለሰልሳሉ። የፎቶ ታሪክም ለእኛ ፊት አልተሠራም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኮዳክ ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በተባለች ነጭ ሴት ምስል ነበር። ዛሬ የተሻለ ነገር አለ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2022 ሶሺዮሎጂስቱ ኤሊስ መንክ ያዘጋጀውን ባለ 10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ መጠቀም ጀምሯል። ይሁን እንጂ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ደንበኞች በፎቶ አይተው ያዘዙት ጥለት በእጃቸው ሲገባ ሌላ ቀለም ሆኖ የሚያገኙት ዛሬም ነው። ለእነሱ የምለው ቁራጭ ጨርቅ አስልኩ ነው። የሚለበስበትን መብራትም ንገሩን፤ 2,700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ገደማ በሆነ ቢጫ የአዳራሽ መብራት ሥር ሰማያዊና ሐምራዊ ይጠቁራሉ፣ ቀይና ወርቃማ ይነሣሉ፤ 5,500 ኬልቪን ገደማ በሆነ የቀትር ብርሃን የተመረጠ ቀለም ማታ ያንኑ ፊት አይሰጥም።

የመጨረሻው ምክራቸው፣ ከምድብ ውጭ የሆነ ልብስ ይውጣ የሚለው፣ ገንዘብም ያባክናል። ቀለም ፊት ላይ የሚሠራው ለፊት በቀረበ መጠን ነው። የማይስማማን ቀለም በቀሚሱ ጫፍ ጥለት ላይ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ አንገት ላይ ያለው ጥልፍ ግን ሊታሰብበት ይገባል። የሚወዱትን ግን ፊትን የሚያደክም ሸሚዝ ያላቸው ሰዎች የሚስማማ ሻርፕ በመሐል ካስገቡ ይበቃቸዋል፤ ሱሪና ጫማ ጨርሶ በዚህ ሕግ አይገዙም።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በሚዜዎች ልብስ ላይ ነው። ሙሽራዋ ስድስት ሚዜዎቿን አንድ ዓይነት ፈዛዛ ሮዝ ታለብሳለች፤ ለቀይ ዳማዋ ሲያምር ለጠይሟ ያመዳል፤ ጠይሟም የሠርጉን ፎቶ ባየች ቁጥር በራሷ መልክ ታዝናለች። በጽሑፉ መንገድ ከሄድን ወይ ሁሉንም «ክረምት» ብለን አንድ ቀለም እንጭንባቸዋለን፣ ወይ ከምድብ ውጭ የሆነችውን እናስቀራለን። እኔ የምመክረው ሮዙን ሳንለቅ ጥልቀቱን ከፊት ወደ ፊት እንድንለውጥ፣ ከፈዛዛው ጀምሮ ወደ ወይን ጠጅ እስከሚጠጋው ድረስ ለእያንዳንዷ በአገጯ ሥር አስጠግተን እንድንመርጥ፣ ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ ዓይነት ጥለት ደግሞ በቀሚሱ ጫፍ ላይ እንድናደርግ ነው። ሸማኔው ከአንድ ማቅለሚያ ቤት የወጡ ክሮችን በአንድ ጊዜ ከገዛ ዋጋው እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያስፈልገው ትእዛዙ ከሠርጉ ቀደም ብሎ መድረሱ ብቻ ነው።